የስታርት አዝራር መነሣትና መመለስ (ከ1995 እስከ 2015)

የታሪክ ጥናት በተባለ ጊዜ ብዙውን ጊዜ በአሳባችን የሚመጣው የነገሥታት ዜና፣ የጦር ሜዳ ውሎና የመንግሥታት ውል ነው። ይሁን እንጂ ሰው በየቀኑ በእጁ የሚይዘው መሣሪያም የራሱ ታሪክ አለው። ማረሻው፣ ሚዛኑና የጽሕፈት መኪናው መቼ እንደ ተለወጡ፣ ማን እንደ ለወጣቸውና የለመዳቸው ሰው ለውጡን እንዴት እንደ ተቀበለው ቢመረመር ስለ ዘመኑ ሰዎች ብዙ ይነግረናል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ኮምፒዩተርን የሚመለከት አንድ ነገር ነው። ይኸውም ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2012 ዊንዶውስ 8ን ሲያወጣ የስታርትን አዝራር ከቦታው በማንሣቱ በተጠቃሚዎች ዘንድ የተነሣው ቅሬታ፣ ምክንያቱና ፍጻሜው ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲረዳልን እንለምናለን።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ታሪክ በአጭሩ ይደመድሙታል። ሰው አዲስ ነገርን ይጠላል፤ ስለዚህ ተቈጣ፤ ቈይቶም ለመደው ይላሉ። ይህ መልስ ለጆሮ ይጥማል፤ ነገር ግን ሁለት ነገሮችን አያስረዳም። አንደኛ፣ የዊንዶውስ ተጠቃሚዎች በ1995 ከዚህ የማያንስ ለውጥ ቀርቦላቸው ተቀብለውታል። ሁለተኛ፣ በ2012ቱ ለውጥ ወደ ኋላ የተመለሰው ተጠቃሚው ሳይሆን ኩባንያው ነው፤ አዝራሩም፣ አዝራሩ ሲጫን የሚከፈተው የፕሮግራሞች ዝርዝርም በሦስት ዓመት ውስጥ ተመልሰዋል። እንግዲህ ጥያቄያችን እንዲህ ነው፤ ተጠቃሚዎቹ በየቀኑ ምን እንደሚጫኑ በቁጥር ያውቅ የነበረው ኩባንያ ስለ ምን ተሳሳተ? ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ መልሱን ለማግኘት አዝራሩ ወደ ተወለደበት ዘመን መመለስ ያስፈልገናል።

አዝራሩ እንዴት ተወለደ

ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት የኮምፒዩተሩን ክፍሎች የሚያስተዳድርና ሌሎቹን ፕሮግራሞች የሚያሠራ ዋና ፕሮግራም ነው። ተጠቃሚው ግን ይህን ዋና ፕሮግራም በቀጥታ አያየውም፤ የሚያየው በስክሪኑ ላይ የተዘረጋለትን ገጽ ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ የፊት ገጽ የምንለው ይህንኑ ነው። የፊት ገጹ ለተጠቃሚው እንደ ቤት ደጅ ነው፤ ውስጡ ምንም ቢያምር በደጁ ካልገቡበት አይገኝም።

በ1992 የወጣው የዊንዶውስ 3.1 የፊት ገጽ ፕሮግራም ማናጀር ይባል ነበር። ፕሮግራሞቹ በትናንሽ ሥዕሎች ተመስለው በመስኮቶች ውስጥ፣ መስኮቶቹም በሌላ መስኮት ውስጥ ተደርድረው ይታያሉ። አንዱ መስኮት በሌላው ላይ ሲደረብ፣ ጀማሪው የፊተኛው ሥራው የጠፋ ይመስለው ነበር። ፕሮግራም ለመክፈትም ማውሱን በፍጥነት ሁለት ጊዜ መጫን ስለሚያስፈልግ፣ ይህን ያልለመደ ሰው ከደጁ ሳይገባ ይቀር ነበር።

የሚቀጥለውን ዊንዶውስ ያዘጋጀው ቡድን ይህን ችግር ያጠናበት መንገድ ለእኛ ጥናት ዋና ቁም ነገር ነው። ከቡድኑ አባላት አንዱ የነበረው ኬንት ሱሊቫን በ1996 ባወጣው ጽሑፍ እንደ ገለጸው፣ ንድፉ በመሠራት ላይ ሳለ 64 ዙር ሙከራ ተደርጓል፤ በሙከራዎቹም 560 ሰዎች ተካፍለዋል። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ ዊንዶውስ 3.1ን በመጠኑ የሚያውቁ ሲሆኑ፣ የቀሩት ጀማሪዎች፣ በሥራው የበሰሉና ሌላ ዓይነት ኮምፒዩተር የለመዱ ነበሩ። ሥራ እየተሰጣቸው ሲሠሩ፣ ሲሳሳቱና ግራ ሲጋቡ በዓይን ታይተው ይመዘገብ ነበር።

ንድፉም ከስሕተት እየተማረ ሄደ። በመጀመሪያ ለጀማሪዎች ብቻ የተለየ ገጽ ሊሠራላቸው ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ጀማሪው አንድ ቀን ወደ ዋናው ገጽ ሲሻገር እንደ ገና ከሀ ሁ መጀመሩ ስለማይቀር አሳቡ ተተወ። ቀጥሎም በስክሪኑ ላይ ለየብቻ የተቀመጡ አዝራሮች ተሞከሩ። ከእነርሱ አንዱ «ሲስተም» የሚል ስም ነበረው፤ ይህ ስም ግን ለመሐንዲሱ እንጂ ለጀማሪው ምንም አይነግረውም። በመጨረሻ አዝራሮቹ ተጠቃለው አንድ ሆኑና ስሙ «ስታርት» ማለት «ጀምር» ተባለ። ሰውዬው በኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ ከየት ልጀምር ብሎ ሲያመነታ፣ መልሱ በስክሪኑ ግርጌ ተጽፎ ይጠብቀዋል።

ዊንዶውስ 95 ኦገስት 24 ቀን 1995 ወጣ። ለውጡ ትልቅ ነበረ፤ ሆኖም ሁለት ነገሮች ለውጡን አቀለሉት። የመጀመሪያው፣ አዲሱ መንገድ የተቀየሰው ሰዎች በእርግጥ ከሚደናቀፉበት ቦታ ተነሥቶ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ አሮጌው መንገድ ወዲያው አለመዘጋቱ ነው። ፕሮግራም ማናጀር የፈለገ ሰው አስነሥቶ እንዲሠራበት ከዊንዶውስ 95 ጋር አብሮ ተልኳል። ይህ ልማድ በኋላም ቀጠለ። በ2001 ዊንዶውስ ኤክስፒ የስታርትን ዝርዝር መልክ ሲለውጥ፣ የቀድሞውን የመረጠ ሰው «ክላሲክ» የተባለውን መልክ መልሶ ማግኘት ይችል ነበር። በ2007 የወጣው ቪስታም ይህንኑ ምርጫ ጠብቆ አቈየ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል የሚለው የአባቶቻችን ምክር በእነዚህ ዓመታት በሥራ ላይ ውሎ እናየዋለን።

የ17 ዓመት ልማድ

ከ1995 እስከ 2012 ድረስ 17 ዓመት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የተወለደ ሕፃን አድጎ ኮምፒዩተር ተምሯል፤ ጸሐፊው፣ የሒሳብ ሠራተኛውና መምህሩም እጃቸው ወደ ስክሪኑ ግራ ግርጌ ያለ አሳብ የሚሄድ ሆኗል። እኛ ራሳችን በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ስንማር፣ የመጀመሪያው ትምህርታችን ይህን አዝራር ማግኘት ነበር። መምህራችን ስሙን ከማስጠናታቸው በፊት ቦታውን ነበር ያሳዩን፤ እኛም በደብተራችን ላይ አራት ማዕዘን ሥለን በግራ ግርጌው ምልክት አድርገናል።

ይህ ትንሽ ትዝታ ለክርክራችን ይረዳል። ብዙ ሰው ኮምፒዩተርን የሚያውቀው ጽሑፉን እያነበበ ሳይሆን ቦታውን እያስታወሰ ነው። በተለይ የፊት ገጹ የተጻፈበት ቋንቋ የአፍ መፍቻው ላልሆነ ሰው፣ ቦታው ከስሙ ይልቅ ይታመናል። እንዲህ ያለው ዕውቀት በድካም የተገኘ የሠራተኛው ሀብት ነው፤ ነገር ግን በማንም መዝገብ ላይ አልሰፈረም። አዝራሩን ያነሣ ሰው ከስክሪኑ ላይ አንድ ሥዕል ብቻ ያነሣ ሊመስለው ይችላል። በእርግጥ ግን ከብዙ ሚሊዮን ሰዎች እጅ የ17 ዓመት ትምህርት ወስዷል።

አዝራሩ እንዲነሣ ያደረገው ምክንያት

ማይክሮሶፍት ይህን ያደረገው በከንቱ ፈሊጥ ነው ብለን ብንጽፍ ታሪክን እንበድላለን። ኩባንያው እውነተኛ ፍርሃት ነበረበት። አፕል የተባለው ተፎካካሪው በ2007 አይፎንን፣ ኤፕሪል 3 ቀን 2010 ደግሞ አይፓድን ለገበያ አቀረበ። በእነዚህ መሣሪያዎች ሰው የሚሠራው በማውስ ሳይሆን ስክሪኑን በጣቱ እየነካ ነው። ለማውስ ጫፍ የተሠሩት የዊንዶውስ ትናንሽ አዝራሮች ለጣት አይመቹም። የሰዎች አሳብ ወደ ታብሌት ሲዞር፣ ሀብቱን ሁሉ በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይ ያቆመ ኩባንያ ዝም ብሎ ሊመለከት አይችልም ነበር።

በዚያን ጊዜ የዊንዶውስን ሥራ ይመራ የነበረው ስቲቨን ሲኖፍስኪ ነው። እርሱና የፊት ገጹን ሥራ ከመሩት አንዷ ጁሊ ላርሰን ግሪን ቀድሞ በማይክሮሶፍት ኦፊስ ክፍል ሠርተዋል። በዚያ ክፍል በ2007 የወጣው ኦፊስ የቀድሞዎቹን ዝርዝሮች አስወግዶ «ሪበን» የተባለውን ሰፊ የአዝራሮች መደዳ ሲያመጣ ብዙ ቅሬታ ተነሥቶ ነበር። ሪበኑ ግን ጸና፤ ሰዎችም ለመዱት። እንግዲህ ከ2012 በፊት የነበረው የቅርብ ልምድ ሰዎቹን ያስተማራቸው ቅሬታ እንደ ክረምት ጐርፍ መጥቶ የሚያልፍ መሆኑን ነው ብለን ብናስብ ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

አዲሱ የፊት ገጽ በጁን 2011 ለሕዝብ ታየ። መልኩ በ2010 ከወጣው ከኩባንያው የእጅ ስልክ ከዊንዶውስ ፎን 7 ጋር ይመሳሰላል። ኮምፒዩተሩ ሲከፈት «ታይል» የተባሉ ባለ ቀለም አራት ማዕዘኖች ስክሪኑን ሁሉ ይሞሉታል። ሰው ለዓመታት የሠራበት ዴስክቶፕ ከእነዚህ ታይሎች አንዱ ሆኖ ተቀመጠ። አሳቡ አንድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ታብሌቱንም የጠረጴዛውን ኮምፒዩተርም እንዲያገለግል ነበር። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም የሚለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

ቁጥሩ የተናገረውና ያልተናገረው

በኦክቶበር 2011 የማይክሮሶፍት መሐንዲሶች የስታርት ዝርዝር ስለ ምን እንደሚለወጥ ለሕዝብ በጽሑፍ አስረዱ። ካቀረቡት ማስረጃ አንዱ ከተጠቃሚዎች ኮምፒዩተሮች በሩቅ የተሰበሰበ ቁጥር ነበር። በዚህ ቁጥር መሠረት ከቪስታ ወደ ዊንዶውስ 7 ሲታለፍ የስታርት ዝርዝር አጠቃቀም ከመቶ 11 ያህል ቀንሷል። ምክንያቱም በ2009 በወጣው በዊንዶውስ 7 ሰዎች አዘውትረው የሚሠሩባቸውን ፕሮግራሞች በስክሪኑ ግርጌ ባለው ታስክባር ላይ ስለሚለጥፉ፣ ለእነዚያ ፕሮግራሞች ዝርዝሩን መክፈት አላስፈለጋቸውም።

ቁጥሩ ሐሰት ነው የሚል ክርክር የለንም። ክርክራችን በትርጓሜው ላይ ነው። አስቀድሞ፣ እንዲህ ያለው ቁጥር የሚመጣው መረጃቸው እንዲላክ ከፈቀዱ ሰዎች ብቻ ነው፤ ያልፈቀደ ሰው፣ ሠራተኞቹን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ያላስፈቀደ መሥሪያ ቤትም በቁጥሩ ውስጥ የለም። ይህንንም ብንተወው፣ ከመቶ 11 ቀነሰ ማለት አብዛኛው አጠቃቀም እንዳለ ነው ማለት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፤ ቁጥር አንድ ነገር ስንት ጊዜ እንደ ተነካ ይነግረናል እንጂ ባይኖር ምን እንደሚሆን አይነግረንም። በአንድ ቤት ውስጥ የድስቱ ክዳን በቀን ብዙ ጊዜ ይከፈታል፤ የውጭው በር ግን ምናልባት ጧትና ማታ ብቻ። በዚህ ምክንያት በሩን በድንጋይ እንድፈነው የሚል ባለቤት የለም። የስታርት አዝራርም እንደዚሁ ነበር። ሰው በየቀኑ የሚሠራበትን ፕሮግራም በታስክባሩ ላይ ያገኘዋል፤ ያልተለመደ ነገር ሲገጥመው፣ መንገድ ሲጠፋው፣ ሥራውን ጨርሶ ኮምፒዩተሩን ሊዘጋ ሲፈልግ ግን የሚሄደው ወደ አዝራሩ ነው። የሚዘወተር አልነበረም፤ መመለሻ ነበር።

በ1995 ንድፍ አውጪዎቹ ግራ የተጋባውን ሰው ፊት አይተዋል። በ2011 ለአዝራሩ መነሣት የቀረበው ማስረጃ ግን የተጫኑ አዝራሮች ድምር ነው። ግራ መጋባት በድምር ውስጥ አይታይም፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ምንም አልተጫነምና።

ኦክቶበር 26 ቀን 2012

ዊንዶውስ 8 በዚህ ቀን ለገበያ ቀረበ። በታስክባሩ ግራ ጫፍ የነበረው አዝራር የለም። በቦታው የተተካው የማይታይ ነገር ነው፤ ተጠቃሚው ማውሱን ወደ ግራው ግርጌ ማዕዘን ሲወስድ ብቻ ወደ ታይሎቹ ገጽ የሚወስደው ትንሽ ሥዕል ብቅ ይላል። የላይኛው ግራ ማዕዘን ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ያሻግራል። ከሁለቱ የቀኝ ማዕዘኖች ደግሞ «ቻርምስ» የተባለ አምስት ምልክት ያለው መደዳ ይወጣል። ማውስን ወደ ስክሪን ማዕዘን መግፋት ቀላል መሆኑ እውነት ነው፤ ማውሱ ከጫፍ ስለማያልፍ ዒላማው አይሳትም። ነገር ግን ዒላማው መኖሩን የማያውቅ ሰው አይተኩስም። መጀመሪያ ሲገቡ ማዕዘኖቹን የሚጠቁም አጭር ትርኢት ይታይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ምልክት የለም።

ለምሳሌ ያህል ኮምፒዩተሩን መዝጋትን እንውሰድ። ተጠቃሚው ማውሱን ወደ ቀኝ ማዕዘን ወስዶ ቻርምስን ማውጣት፣ ከዚያ «ሴቲንግስ» የሚለውን መጫን፣ ቀጥሎ የኀይሉን ምልክት መጫን፣ በመጨረሻ መዝጋትን መምረጥ ነበረበት። ማስተካከያው ሁሉ በአንድ ቦታ አልነበረም፤ ከፊሉ በአዲሱ ገጽ፣ ከፊሉ በቀድሞው «ኮንትሮል ፓናል» ውስጥ ነበር። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርም ሁለት ሆኖ ነበር፤ አንዱ በታይሎቹ ዓለም፣ ሌላው በዴስክቶፑ።

በፊት ገጽ አጠቃቀም ጥናት የታወቀው ያኮብ ኒልሰን በኖቬምበር 2012 በኮምፒዩተር ልምድ ያላቸውን 12 ሰዎች በዊንዶውስ 8 ላይ ፈትኖ ውጤቱን አወጣ። ፍርዱ ሲጠቃለል አዲሱ ገጽ ጀማሪውንም የበሰለውንም አላረካም የሚል ነው። ካመለከታቸው ጉድለቶች መካከል በአንድ መሣሪያ ላይ ሁለት የተለያዩ ዓለሞች መኖራቸው፣ ትእዛዞቹ ከዓይን መሰወራቸውና በሰፊ ስክሪን ላይ ጥቂት ነገር ብቻ መታየቱ ይገኙበታል። የ12 ሰዎች ፈተና ከብዙ ሚሊዮን መረጃ አጠገብ ሲቆም ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ድምሩ ያላሳየውን አሳየ፤ ያሳየበትም ምክንያት በ1995 በተሠራበት መንገድ ሰዎቹን ተቀምጦ በማየት መሠራቱ ነው።

ተጠቃሚዎቹ ያደረጉት

በዚህ ታሪክ ውስጥ በጣም የሚያስገርመው ተጠቃሚዎቹ በማጕረምረም ብቻ አለመቅረታቸው ነው። ክላሲክ ሼል የተባለው በነጻ የሚታደል ፕሮግራም በ2009 የተጀመረ ነው፤ ይኸውም ዊንዶውስ 7 ቀድሞ ያነሣነውን የክላሲክ ምርጫ ባስቀረበት ዓመት ነው። ዊንዶውስ 8 ሲመጣ ይኸው ፕሮግራም ብዙ ሰው የሚፈልገው ሆነ፤ የስታርትን ዝርዝር ወደ ቦታው ይመልሳልና። ስታርዶክ የተባለው ኩባንያም ስታርት 8 የሚባል ፕሮግራም ሠርቶ በ5 ዶላር ያህል ይሸጥ ነበር። ሰዎች ቀድሞ በነጻ በእጃቸው የነበረውን ነገር መልሰው በገንዘብ ገዙ። ይህ ከማናቸውም የቅሬታ ደብዳቤ ይልቅ የሚናገር ማስረጃ ነው፤ የማይጠቅመውን ነገር በገንዘቡ የሚገዛ የለምና።

ደግሞም ይህን እንጨምር። በሴፕቴምበር 2011 ለፕሮግራም ሠሪዎች በቀረበው የዊንዶውስ 8 የመጀመሪያ ናሙና ውስጥ አንዲት የተሰወረች ማስተካከያ ነበረች፤ እርስዋን የለወጠ ሰው የድሮውን የስታርት ዝርዝር ያገኝ ነበር። በፌብሩዋሪ 2012 በወጣው ናሙና ግን ይህች መንገድ ተዘጋች። ስለዚህ አሮጌውን ከአዲሱ ጋር አብሮ ማኖር የማይቻል ነበር ሊባል አይችልም። ተችሎ ሳለ ነው የቀረው።

ይህ ዓይነቱ ነገር በማይክሮሶፍት ላይ ብቻ የደረሰ አለመሆኑን ለማሳየት ሌላ ምሳሌ እናክል። በ2011 በነጻው የሊኑክስ ዓለም ኖም 3ና ዩኒቲ የተባሉ አዳዲስ የፊት ገጾች ተመሳሳይ ቅሬታ አስነሥተዋል። ነገር ግን በዚያ ዓለም የፕሮግራሙ ጽሑፍ ለሁሉ ክፍት ስለ ሆነ፣ ቅር የተሰኙት ሰዎች የድሮውን ኖም 2 ወስደው ማቴ በሚል ስም አቈዩት። የዩኒቲ ባለቤት የሆነው ካኖኒካልም በ2017 ዩኒቲን መተዉን አስታወቀ። የሊኑክስ ተጠቃሚ አሮጌውን ቤት ራሱ ሊጠግን ይችላል፤ የዊንዶውስ ተጠቃሚ ግን በማይከፈት ግድግዳ ላይ የራሱን በር ለመለጠፍ ተገደደ።

የኩባንያው መመለስ

የኩባንያውን መልስ በቅደም ተከተል እንመልከት። ሲኖፍስኪ በኖቬምበር 2012 ከማይክሮሶፍት ወጣ፤ መውጣቱን ከአዝራሩ ጋር ብቻ ማያያዝ ግን ተገቢ አይደለም። ሽያጩም ፈጽሞ የወደቀ አልነበረም፤ ማይክሮሶፍት በሜይ 2013 ከ100 ሚሊዮን በላይ ፈቃድ መሸጡን አስታውቋል። በሌላ በኩል አይዲሲ የተባለው የገበያ ጥናት ድርጅት በ2013 የመጀመሪያ ሩብ ዓመት ወደ ገበያ የተላኩት የግል ኮምፒዩተሮች ከቀደመው ዓመት ተመሳሳይ ጊዜ ከመቶ 13.9 ማነሳቸውን ገልጾ፣ ዊንዶውስ 8 ገበያውን ሊረዳ ቀርቶ ያዘገየው ይመስላል የሚል አስተያየት ሰጠ። የታብሌቶች መስፋፋትም ለዚህ መቀነስ ሌላው ምክንያት እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም።

በዚያው ሜይ ፋይናንሽያል ታይምስ የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ ኩባንያው አካሄዱን ለመለወጥ መዘጋጀቱን ከኮካ ኮላ ታሪክ ጋር አስተያየው። ኮካ ኮላ በኤፕሪል 1985 የመጠጡን ጣዕም ለውጦ፣ በሕዝብ ቅሬታ ምክንያት በጁላይ የቀድሞውን መልሷል። ማይክሮሶፍት ግን የተመለሰው በአንድ ጊዜ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ ነው።

ኦክቶበር 17 ቀን 2013 በወጣው በዊንዶውስ 8.1 አዝራሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሲጫኑት ግን የሚከፍተው የፕሮግራሞችን ዝርዝር ሳይሆን ያንኑ የታይሎች ገጽ ነበር። በሩን የለመነ ሰው የበር ሥዕል ተሰጠው ማለት ይቻላል። ቢሆንም በዚያው ጊዜ ኮምፒዩተሩ ሲከፈት በቀጥታ ወደ ዴስክቶፕ እንዲገባ መምረጥ ተፈቀደ። ኤፕሪል 8 ቀን 2014 በወጣው ማሻሻያ ደግሞ የመዝጊያው አዝራር በታይሎቹ ገጽ ላይ በግልጽ ተቀመጠ። ሴፕቴምበር 30 ቀን 2014 ኩባንያው ዊንዶውስ 10ን ሲያስተዋውቅ ዝርዝሩ ራሱ መመለሱን አሳየ። ከዚያም ጋር ፈቃደኛ ተጠቃሚዎች ሥራው ሳይጠናቀቅ ናሙናውን እየሞከሩ አስተያየት የሚሰጡበትን ፕሮግራም ከፈተ። ዊንዶውስ 10 ጁላይ 29 ቀን 2015 ለሕዝብ ወጣ። በስታርቱ ዝርዝር በአንድ ወገን የድሮው የፕሮግራሞች መደዳ፣ በሌላው ወገን አዲሶቹ ታይሎች ጐን ለጐን ተቀመጡ። ታይሎቹ አልተጣሉም፤ የሌላውን ቦታ መንጠቅ ብቻ ተዉ።

መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት አዲስ ነገር አይምጣ የሚል አይደለም። የስታርት አዝራር ራሱ በ1995 አዲስ ነገር ነበር። ቅሬታ ሁሉ ትክክል ነውም አንልም፤ የሪበኑ ታሪክ የሚያሳየው ሌላ ነው። የእኛ አስተያየት እንዲህ ነው፤ በ1995ና በ2012 መካከል ያለው ልዩነት በለውጡ መጠን ላይ አይደለም። ፊተኛው ከተጠቃሚው ችግር ተነሣ፤ ኋለኛው ከኩባንያው ችግር ተነሣ። በፊተኛው አሮጌው መንገድ ለጊዜው ክፍት ቈየ፤ በኋለኛው አዲሱ ሳይለመድ አሮጌው ተዘጋ። ሰውም የተቈጣው አዲስ በር ስለ ተከፈተ ሳይሆን፣ ገብቶ የሚወጣበት በር ሳይጠየቅ ስለ ተደፈነበት ነው።

ትምህርቱ ለዘለቄታው ተይዟል ብሎ መጻፍም ያስቸግራል። ኦክቶበር 5 ቀን 2021 በወጣው በዊንዶውስ 11 የስታርት አዝራር ከግራ ጫፍ ወደ ታስክባሩ መካከል ተዛወረ። ወደ ግራ መመለስ ይቻል ነበር፤ ታስክባሩን ግን እንደ ቀድሞው ወደ ስክሪኑ ጐን ወይም ወደ ላይ ማዛወር በወጣበት ጊዜ ቀረ። ወዲያውም የቀድሞውን የሚመልሱ ትናንሽ ፕሮግራሞች እንደ ገና ብቅ አሉ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስለ ተፈጸመ፣ በቀድሞው ለመቈየት የሚሻ ሰው ጊዜው ጠቦበታል።

ይህ ጉዳይ በአሜሪካ የተፈጸመ ቢሆንም ለእኛ ሩቅ አይደለም። በአገራችን መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ያሉት ኮምፒዩተሮች የሚሠሩት በውጭ አገር ተዘጋጅቶ በሚመጣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ለዊንዶውስ 7 በአማርኛ የተዘጋጀ የፊት ገጽ ቢኖርም፣ ብዙዎቻችን የተማርነው በእንግሊዝኛው ነው፤ የተማርነውም በቦታ ነው። አንድ አዝራር ሲዛወር መዝገብ ቤት ያለችው ጸሐፊ ወይዘሮ ወይም ጡረታ የተቃረቡት የሒሳብ ሹም የሚከፍሉት የጊዜ ዋጋ በማንም ሒሳብ ውስጥ አይገባም።

ከእኛ ጓደኞች መካከል አንዳንዶቹ ነገ የባንክን፣ የሆስፒታልን ወይም የቀበሌን ሥራ የሚያከናውኑ ፕሮግራሞችን ራሳቸው ይሠራሉ። በዚያን ጊዜ ቁጥር መሰብሰባቸው መልካም ነው። ነገር ግን አንዱን አሮጌ አዝራር ከማንሣታቸው በፊት፣ በእርሱ ከሚሠራው ሰው አጠገብ ወንበር ስበው አንድ ቀን ሙሉ ዝም ብለው እንዲቀመጡ እንመክራለን።